ሦስት እሁድ የተጠራ ስም

ቁርባን ናፈቀኝ ብል የሚስቅብኝ ሰው አለ። ይሳቃ! ጥርስ ያለው ይሳቅ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ናፍቄዋለሁ። እሁድ እሁድ ኮልፌ ዳር ወዳለችው ቆርቆሮ ክዳን የካቶሊክ ቤተክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ሰው ሁሉ ሊቆርብ ሲነሳ እኔ ቁጭ። ጉልበታቸውን ይዘው የሚያቃስቱ አሮጊቶች ያልፉኛል። ትናንት ገበያ ላይ ሲራገሙ የዋሉ ሴቶች ዛሬ ዓይናቸውን ሰብረው ያልፉኛል። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ ቁጭ። አንዳንዴ ብድግ ብዬ ልሰለፍ ይለኛል፣ ግን ማንን ላታልል ነው?

የከለከለኝ ባሌ ነው። ቱሉ ይባላል። ሁለታችንም በልጅነታችን ሚሲዮን የተጠመቅን ካቶሊኮች ነን፤ የተጋባነው ግን በሰማንያ ነው፣ ሽማግሌ ፊት። ቤተክርስቲያናችን ደግሞ በሰማንያ የተጋቡትን ባልና ሚስት አትልም፤ በኃጢአት የሚኖሩ ነው የምትላቸው። ስለዚህ በየዓመቱ እለምነዋለሁ፦ «ቱልዬ፣ ቄስ ፊት እንቅረብና እንቁረብ።» እሱ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ቁርባን የሽማግሌ ነው። ስናረጅ።» የቆረበ ሰው መፋታት አይችልምና ሰው ሁሉ ጥርሱ እስኪወልቅ ይጠብቃል።

«ልትፈታኝ አስበሃል እንዴ?» እለዋለሁ።

«አንቺን የፈታ ሰው ቅቤ ከየት ይበላል?» ይለኛል። ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ይስቃል፤ እኔም ተቆጥቼ ልቆይ ብዬ አልችልም፣ እስቃለሁ።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። ቱሉ ጠመንጃውን ከጣሪያው ስር አወረደና ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ወደ መናገሻ ጫካ ሄደ። ደጄ ላይ ቆሞ «እመጣለሁ» ነው ያለኝ፤ ሌላ ነገር አላለም። ሁለት ዓመት ተኩል አልመጣም። እኔ ቅቤዬን ስሸጥ፣ ኬላው ላይ ስፈተሽ፣ «ባልሽ የት ነው?» ሲሉኝ «እንጃለት፣ ጥሎኝ ጠፋ» ስል ኖርኩ። ቀን ቀን በአፌ እየረገምኩት ማታ ስለእሱ እጸልያለሁ። ኑሮ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።

ያጠመቁን ፈረንሳዊ ቄስ ከአገር ወጥተው በምትካቸው አንድ ጣሊያን ቄስ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። አማርኛቸው ግን ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁላችንንም «አንተ» ነው የሚሉን። በዐቢይ ጾም ልናዘዝ ገባሁ፤ ስለ ቱሉ እንደ ሁልጊዜው ተናገርኩ።

«ሰውዬው አብሮህ ነው?» አሉኝ።

«የለም አባ፣ ሩቅ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ቀላል ነው። ወደ እሱ አልመለስም በል። እፈታሃለሁ፣ እሁድ ትቆርባለህ።»

አንዲት ቃል ናት። ሁለት ዓመት ያላየሁት ሰው ነው፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መንገድ ዳር እንዴት ብሎ እንደሚመጣ፣ ትከሻውን አዘንብሎ፣ ድንገት ታየኝ። እሱ ደጄ ቢቆም እኔ በሩን ልዘጋበት? እግሩን ነው እንጂ የማጥበው! ይህን እያወቅሁ አልመለስም ብዬ የምቀበለው ቁርባን ጉሮሮዬ ላይ አይቆምም?

«አልልም» አልኩ።

«ምን?»

«አልልም አባ። ከፈለጉ ሌላ መቶ ኃጢአት ልናዘዝ። ይህንን ግን አልልም።» ተነስቼ ወጣሁ። እንባዬ ይወርዳል፣ ግን ከንዴትም ነበር።

ደጅ ላይ የኔታ ገብረአምላክ ቆመዋል። ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ፣ የቄሱንም መዝገብ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። ፊቴን አይተው ሁሉን ተረዱ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉኝ።

«ልክ ብለዋል የኔታ። ሞኝ ነኝ። አልለቅም።»

ዓመቱ ዞረ። ከገና በኋላ አንድ ቀን ገበያ ላይ፣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ቅቤዬን በጣታቸው እየነኩ፣ ዋጋ የሚከራከሩ መስለው አጎነበሱ። «ቱሉ እንዲህ ብሏል» አሉኝ፤ «ስናረጅ ያልኩሽ ሞኝነት ነው፤ እዚህ ሲያረጅ ያየሁት ሰው የለም። ቄሱን አናግሪልኝ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንጨት ሻጭ መስዬ እመጣለሁ። ቆርበን እመለሳለሁ።» ይህን ብለው ቅቤውን ሳይገዙ ሄዱ።

እዚያው ቅቤው ላይ አለቀስኩ። የዚያን ዕለት የገዛኝ ሰው ጨው ነክቶታል ሳይል አይቀርም።

ከየኔታ ጋር ቄሱ ዘንድ ገባሁ። ሕጉን ነገሩኝ፦ የሚጋቡት ሰዎች ስም ሦስት እሁድ በተከታታይ ከመሠዊያው ፊት ይጠራል፤ እንቅፋት የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲናገር። ፊተኛው ወንበር ላይ እሁድ እሁድ ካራቢኔሪዎች፣ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ይቀመጣሉ። እዚያ ፊት የቱሉ ስም ሊጠራ?

የኔታ ግን መዝገቡን ገለጥ አድርገው ሳል ሳል አሉ። «እኛ መዝገብ ላይ ቱሉ የሚባል ሰው የለም። ያለው ኃይለመስቀል ነው። ቤተክርስቲያን የምትጠራው በክርስትና ስም ነው።»

እውነታቸውን ነው! የክርስትና ስም እኛ ዘንድ የአደባባይ ስም አይደለም። ያጠመቀው ቄስ፣ ክርስትና ያነሳው ሰው፣ እናትና ሚስት ያውቁታል፤ ጎረቤት አያውቀውም። በጥምቀት ይጠራል፣ በቁርባን ይጠራል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ለነፍሱ ፍትሐት ሲደረግ ይጠራል። ኮልፌ ውስጥ ከየኔታና ከመዝገባቸው ሌላ ኃይለመስቀል ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እናቱ ሞተዋል።

«ሰውዬው የት ነው?» አሉኝ ቄሱ።

«ገጠር ነው አባ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ገጠር ሰፊ ነው» አሉና ብዕራቸውን አነሱ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ያን ጾም እንደ ልጃገረድ ሆንኩ። የኔታ «ምስጢራቱን ረስተሻል፣ እንደገና ተማሪ» ብለው ከልጆቹ መሃል አስቀመጡኝ። «ምስጢራት ስንት ናቸው?» ሲባል ጥርሳቸው የወለቀ ሕፃናት «ሰባት!» ብለው ይቀድሙኛል፣ ዞረውም ይስቁብኛል። ለቱሉ ኩታ አሠራሁ። ከስቶ ይሆናል ብዬ ሸሚዙን ጠበብ አስደረግሁ፤ ከዚያ ደግሞ ባይከሳስ ብዬ እንደገና አስፈታሁ። ልብስ ሰፊው ሰደበኝ፣ እኔም ሰደብኩት። ቤቴን ለቀለቅሁ። ልመጣ ነው ያለ ሰው ያህል ዓይን መንገድ ላይ የሚያስቀር ነገር የለም፤ እንጨት የተሸከመ ሁሉ ቱሉ ይመስለኝ ጀመር።

በመጀመሪያው እሁድ ቄሱ መዝገቡን ገለጡ። «ኃይለመስቀል እና ወለተማርያም በቅዱስ ጋብቻ ሊጣመሩ ይሻሉ። እንቅፋት የሚያውቅ ይናገር።» ወለተማርያም እኔ ነኝ። ስሙ ከስሜ ጋር፣ ከመሠዊያው ፊት! ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ካሳነሽ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። «ደግሞ እነማን ናቸው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

በሁለተኛውም እሁድ እንዲሁ ተጠራ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ያኔ ተረቱን የማስብበት ልብ አልነበረኝም።

ሦስተኛው እሁድ ሆሳዕና ነበር። ሁሉም ዘንባባውን ይዟል። ስብከቱ አልቆ ቄሱ መዝገቡን ሲያነሱ አንዲት ባላገር ሴት ደጁ ላይ የእንጨት ሸክሟን አውርዳ፣ ወገቧን እያሻሸች፣ መቃኑን ተሳልማ ስትገባ አየሁ። ከኋላ ቆመች።

«ኃይለመስቀል» አሉ ቄሱ።

«ነፍስ ይማር!» አለች ሴትዮዋ፣ ጮክ ብላ። ደረቷን መታች።

ሰው መሳቅ ጀመረ። ካሳነሽ አፏን ይዛ «ወይ ጉድ! ሙሽራውን ገደለችው!» አለች። መቼም ሴትዮዋ ኦርቶዶክስ ናት፣ የእኛን ሥርዓት አታውቅም፤ እሷ አገር ቄስ ከፊት ቆሞ የሰው ክርስትና ስም ከጠራ ፍትሐት ነው፤ ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ተሳሳተች ብለው ነው የሳቁት። እኔስ ብሆን በሌላ ስም ብትሳሳት እስቅ ነበር።

እኔ ግን ይህን አሰብኩ፦ ኮልፌ ሙሉ የማያውቀውን ስም ይቺ ሴት ማን ነገራት? ሰው የክርስትና ስሙን ለባዕድ የሚነግረው መቼ እንደሆነ አገር ያውቃል። ሊሞት ሲል ነው።

ቄሱ ቀና ብለው ሴትዮዋን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። የእኔን ስም አልጠሩም። መዝገቡን አጥፈው ወደ መሠዊያው ዞሩ። ከካራቢኔሪዎቹ አንዱ ማን ነው የጮኸው ብሎ ወደኋላ ይመለከታል። ዘንባባዬን ይዤ ቀጥ አልኩ። አላለቀስኩም፤ እንዴት አድርጌ እንዳላለቀስኩ እስከዛሬ አላውቅም።

ቅዳሴው ሲያልቅ አጥሩ ጥግ አገኘኋት። አየለች ትባላለች።

«እህቴ፣ ማንን ብለሽ ነው ነፍስ ይማር ያልሽው?»

«ኃይለመስቀልን ነዋ። ሰምታችሁ ፍትሐት እያደረጋችሁለት አይደል? ማርያምን፣ እንዴት ደስ አለኝ! እኔ ልነግር ነበር የመጣሁት። ሚስት አለችው፣ ወርቅዬ የምትባል ቅቤ ነጋዴ። ታውቂያታለሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ጭኑን ተመትቶ ቁስሉ አመርቅዞ ነው የሞተው። እሷ ቤት። ቅበላ ዕለት። ልትመጣ ስትል መንገዱን ባንዳ ዘጋው፣ ዛሬ ገና ተከፈተላት። በጣቴ ቆጠርኩ። ቅበላ ማለት የመጀመሪያው እሁድ ስሙ ከመጠራቱ በፊት ነው። እኔ ኩታ ሳሠራ፣ ሸሚዝ ሳስጠብብ፣ ከሕፃናት ጋር ሰባት ስል፣ እሱ አፈር ውስጥ ነበር። ሦስቱንም እሁድ ከሬሳ ጋር ነው የታጨሁት።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ስሙን ነገረኝ። ኮልፌ ካቶሊኮቹ ዘንድ ጠይቂ አለኝ። 'ትቆጣለች፤ ብትቆጣም ንገሪያት' አለ።»

ተቆጣሁ። አጥሩን በቡጢ መታሁት። «ስናረጅ! ስናረጅ! ስናረጅ!» አልኩ። አየለች አቀፈችኝ፤ እዚያው እቅፏ ውስጥ ድምፄን አፍኜ አለቀስኩ። ጮኼ ባለቅስ የማን ሚስት እንደሆንኩ ይታወቃል። ድንኳን የለ፣ እድርተኛ የለ፣ ደረት የሚመታ ዘመድ የለ። ሰኞ ቅቤዬን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ካሳነሽ «ዓይንሽን ምን ነካው?» ብትለኝ «ጉንፋን ነው» አልኳት።

የኔታ ሰምተው ሊያጽናኑኝ መጡ። «ልጄ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

«ድግሱ ይቅርብኝ የኔታ» አልኳቸው፤ «እሱን ይመልስልኝ።» አጠገቤ ተቀምጠው አለቀሱ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ተናዘዝኩ። እግዜርን መቆጣቴን ተናገርኩ፤ ሰፊውን መስደቤን፣ ካሳነሽን መዋሸቴን፣ ሁሉን። ከዚያ ጠበቅሁ። ወደ እሱ አልመለስም በል ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ይበሉኝ! አልልም እላቸዋለሁ፤ ቁርባኑንም ይከልክሉኝ፤ ቱሉም የሆነ ጫካ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው። ቄሱ አላሉኝም። እጃቸውን አንስተው ፈቱኝ። «ከእንግዲህ የሚከለክልህ የለም» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው የገደለኝ።

የፋሲካ ዕለት ውሃ እንኳ በአፌ ሳላደርግ ሄድኩ። ሰው ሲነሳ ተነሳሁ። ካሳነሽ ደንግጣ አየችኝ፤ ስድስት ዓመት ተቀምጬ ነው የምታውቀኝ። መንገድ ለቀቀችልኝ፣ ደስ ብሏት ትከሻዬን ሳመችኝ። ከፊት ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩ። ቄሱ ምላሴ ላይ አኖሩልኝ።

ይኸው፣ ያ ሁሉ ዓመት የናፈቀኝ። ዋጥኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ የዚያን ዕለት የናፈቀኝ መከልከሌ ነበር፤ በተከለከልኩ ጊዜ ባል ነበረኝ።