መዶሻውን ያስቆመው ደብዳቤ

ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራት ገጽ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አንድ ቃሉ ሐሰት አይደለም። ከዳባት ወደ ገጠር ለሚወጣው መንገድ ጠጠር የሚያወጡት ሰዎች ከሰፈራችን ጀርባ ያለውን ዓለት በእስካቫተር መዶሻ ይወቅጡት ነበር። ዓለቱ ሲሰነጠቅ የእኛም ግድግዳ ይሰነጠቃል። አቤት ስንል "ልማት ነው" ይሉናል። ልማት የሚጀምረው የደሃ ግድግዳ በማፍረስ ነው ወይ ብዬ ለመንገድ ሥራው ኃላፊዎች ጻፍኩ። መሬቱን ሳያናውጥ ዓለት የሚቆርጥ ማሽን መኖሩን አንብቤ ስለነበር፣ እሱ ይምጣ አልኩ።

መጣ። ከሆዱ ሥር ጥርስ የተተከለበት ከበሮ ይሽከረከራል። ዓለቱን ስንዝር ስንዝር እየላጨ ያደቅቅና ጠጠሩን በቀበቶ ወደ መኪና ይተፋል። ግድግዳችን አረፈ።

የመዶሻው ኦፕሬተር ቻላቸው ዕቃውን ሲጭን፣ "መምህር አነስ፣ በእስክሪብቶ አባረርከኝ አይደል! ለአዲሶቹ ግን የክምሩን ነገር ንገራቸው" አለኝ።

"እነግራቸዋለሁ፤ አንተ ብቻ ከፊቴ ጥፋ" አልኩና ሳቅሁበት።

ክምሩ መቃብር ነው። ጎረቤታችን እትዬ እናናዬ በ1983 ከቤተ እስራኤል ወገኖቻቸው ጋር ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ በሁለት ዓመቷ የሞተችባቸውን ልጃቸውን የትናየትን እዚያ ትተው ነው የሄዱት። ስም አልተጻፈበትም። ለማያውቅ ሰው ገበሬ ከማሳው ለቅሞ የከመረው ድንጋይ ይመስላል። እናቴ ዘሀራ ክረምት በወጣ ቁጥር የተናደውን መልሳ ትደረድራለች፤ አደራ ነዋ። ቻላቸው የአገር ልጅ ስለሆነ መዶሻውን ወደ ክምሩ አያስጠጋም ነበር። እትዬ እናናዬ ደግሞ በዚያው ወር ሊያዩት ሊመጡ ነበር።

ለአዲሶቹ ሠራተኞች ግን አልነገርኳቸውም። ደብዳቤዬ ማሸነፉን ለሰው ሁሉ ሳወራ ሦስት ቀን አለፈ። በአራተኛው ቀን እናቴ ሻርፗ ከራሷ ወድቆ እየሮጠች ትምህርት ቤት መጣች።

ስንደርስ ክምሩ የነበረበት ቦታ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሏል። የአዲሱ ማሽን ኦፕሬተር ላይ ጮህኩበት።

"ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ መስሎኝ ነው። ማን ነገረኝ?" አለ።

መዶሻ ቢሆን ድንጋዩ በትልቁ ይፈነቀላል፤ ሰው ያያል፣ ይቆማል፣ አጥንት ይለቅማል። ይህኛው ሁሉንም አንድ ዓይነት ጠጠር ነው የሚያደርገው። የዚያን ዕለቱ ጠጠር መንገዱ ላይ ተበትኖ ሮለር ሄዶበታል።

እትዬ እናናዬ በሳምንቱ ከልጅ ልጃቸው ከኢታማር ጋር መጡ።

"አነስ! ይሄ ሁሉ ጢም ያንተ ነው? ንፍጥህን የምጠርግልህ እኮ እኔ ነበርኩ!" ብለው ሳሙኝ። ከዚያ፣ "በሉ፣ ወደ ልጄ ውሰዱኝ።"

እናቴ አየችኝ። አራት ገጽ ሙሉ የተቆጣሁት ሰውዬ ንግግሩን ለእሷ ተውኩላት። እጃቸውን ይዛ እሷ ነገረቻቸው፣ ምንም ሳትደብቅ። የእኔን ጥፋት ብቻ "ሳንነግራቸው ቀረን" ብላ ለራሷም አካፈለችው።

እትዬ እናናዬ ጠየቁ፦ "የት ላይ ነው የበተኑት?"

"ከድልድዩ እስከዚህ" አለች እናቴ።

"በመኪና መጣንበት እኮ።" እግራቸውን አዩ። "ዘሀራዬ፣ በዚያ አልመለስም። ልጄን አልረግጣትም።"

"አያቴ፣ መኪናው እዚህ ነው ያለው" አለ ኢታማር።

"መኪናው ይቅር።"

በታረሰው ማሳ መሐል፣ ጓሉ እያደናቀፋቸው፣ ቁልቁል ወረዱ። እናቴ በአንድ ክንዳቸው፣ ኢታማር በሌላው ደግፈዋቸዋል። ልከተላቸው ስል እናቴ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ቁም ማለቷ ነው። ቆምኩ።