የተነከረ አገዳ

ለሙከራ የተያዙት ስድስቱም ፍየሎች ቁጥር፣ የሕመም ማስታገሻ መርፌና የሙቀት መከታተያ ወረቀት ነበራቸው። ሲምቦ የመን በረሃ ላይ የታች መንጋጋዋ በአሻጋሪ ደላላ የጠመንጃ ሰደፍ የተሰበረ ዕለት ያገኘችው ግን ቁራጭ ጨርቅ ነው። «እንስሳ ላይ ይህ እንዴት ይደረጋል?» የሚሉ ርኅሩኆች በየቦታው ሞልተዋል። ይበሉ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ለሲምቦ መንጋጋ ብሎ ድምፁን ያሰማበት ቀን የለም።

ስብራቱ መግሎ ስለነበር፣ ጅቡቲ ስትመለስ ከግራ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል አጥንት ቆርጠው አወጡላት። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ፤ አገጯ ወደ ጎን ዞረ። ካርቲየ ሰባት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ከታላቋ ከጠይባ ጋር ተጋርታ በምትኖርበት ክፍል ሆና አርሲ ካለችው እናቷ ጋር በቪዲዮ ስትነጋገር፣ ስልኩን የምትደግነው ከአፍንጫዋ በላይ ነው።

«ዝቅ አድርጊው እስቲ ልጄ፣ አፍሽን ልየው» ትላለች እናቷ።

«ኔትወርኩ ነው እማዬ።»

አገሯ መግባት ትፈልጋለች፤ ግን በዚህ ፊት አይደለም። እናቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እናቷ እያየቻት፣ የተጠበሰ በቆሎ በጥርሷ መፈልፈል ነው ምኞቷ። ከዚህ የበለጠ ነገር ከዓለም አልጠየቀችም።

ፍየሎቹን የምትጠብቀው ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለ የእንስሳት ሕክምና ግቢ ውስጥ ነው። ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴዎች ልጅ የሆነው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኒዛር ከእያንዳንዷ ፍየል መንጋጋ ቁራጭ አጥንት አውጥቶ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ አጥንት ተክሎበታል። ነጭ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት፣ በብረትና በብሎን የታሰረ። የፍየሏ የራሷ አጥንት በቀዳዳዎቹ ውስጥ አድጎ ሦስት ወር ከጸና፣ ፋይሉ ሙከራውን የሚፈቅደው ኮሚቴ ዘንድ ይቀርባል፤ ከዚያ ተራው የሰው ነው። የፈቃደኞቹ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ስም ሲምቦ ነው።

ደንቡ አጭር ነበር፦ ሁለት ሳምንት ለስላሳ መኖ፣ ከዚያ ደረቅ የማሽላ አገዳ። «አጥንት ሥራ ካልሰጡት ይሰንፋል» ይል ነበር ዶክተሩ።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ አራት ቁጥር ፍየል አገዳውን ነክሳ ቀጥ አለች። አገዳውን በከንፈሯ ዳር እንደያዘች አንድ ቦታ አፍጥጣ ቀረች። ሲምቦ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። አገዳውን ከአፏ ወስዳ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ለዛሬ ብቻ ብላ ነበር። ከዚያ ለነገ፤ ከዚያ ለስድስቱም። የመኖ መመዝገቢያው ወረቀት ላይ ግን በየቀኑ «ደረቅ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዶክተሩ የራጅ ፎቶዎቹን ብርሃን ላይ ሰቀለ።

«እዪ ሲምቦ። አንድ ብሎን እንኳ አልላላም። ያን ሁሉ አገዳ ሲሰባብሩ ከርመው። ነገ ፋይሉን እልካለሁ።»

ሲምቦ ማምሻውን አገዳውን እየነከረች እንዳበላቻቸው ለጠይባ ነገረቻት።

«ታዲያስ? አልተሰበረም አይደል?» አለች ጠይባ።

«አልተፈተነማ።»

«አቦ ተይኝ። ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊቶች አስመሰልሻቸው እንጂ አልገደልሻቸው። ዝም ብለሽ መንጋጋሽን ተቀበይና አገርሽ ግቢ።»

«አፌ ውስጥ ቢሰበርስ?»

«ያንቺው አፍ ነዋ።»

«ከኔ ቀጥሎ አሥራ አንድ ሰው አለ፣ እትዬ ጠይባ።»

ጠይባ ሻሿን አስተካክላ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ሲምቦ ዶክተሩ በር ላይ ቆመች። «ዶክተር፣ አገዳውን እየነከርኩ ነው ያበላኋቸው።»

«ስንት ቀን?»

«አሥር ሳምንት።»

«የትኛዋን?»

«ሁሉንም።»

«እና እኔ ምን ስፈትን ከረምኩ? ውሃ?»

«ሲያማቸው አየሁ።»

«ሲያማቸው ንገሪኝ አላልኩሽም? መድኃኒቱ እኮ መደርደሪያው ላይ ነው።» ድምፁ ግቢውን ሞላው። መቆጣቱ እውነት አለው። ግን እሱም ቢሆን በአሥር ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን በመኖ ሰዓት ብቅ አላለም። የተማረ ሰው ወረቀት ያምናል፤ ፍየሏ ስትበላ ቆሞ ማየት ያንሰዋል።

ዶክተሩ ፋይሉን መሳቢያው ውስጥ መለሰው። «ሌላ ሦስት ወር። ከዛሬ ጀምሮ ደረቅ። እኔም እመጣለሁ።»

«ዝርዝሩስ፣ ዶክተር?»

«ዝርዝሩ አልተነካም። የተነካው ወሩ ነው።»

ሲምቦ ደረቁን አገዳ ታቅፋ በረት ገባች። አራት ቁጥር አሸተተችውና ቀና ብላ አየቻት፤ ውሃውን ጠበቀች። ሲምቦ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። የሚያማት ከሆነ ዛሬ መርፌ ትጠይቅላታለች፤ ውሃ ግን አትሰጣትም። ፍየሏ በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ነከሰች። አገዳው ቀጭ አለ። ቆም አለች። ደግማ ነከሰች። ቀጥላም በግራ በኩል፣ በተተከለው በኩል፣ ማኘክ ጀመረች።

ሲምቦ ባዶ አፏን፣ ሳታውቀው፣ አብራት ታኝክ ነበር።