ቢጫዋ ፖፖ በጳጉሜ ዝናብ

መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች ቢጫዋ ፖፖ… ባዶዋን። የጠዋት ፀሐይ ገብታ ተኝታባታለች። ከፀሐይ በቀር ማንም አልተቀመጠባትም።

ጊዜ አለን፣ አልኳት ልጄን። ጊዜ ግን አልነበረኝም።

ወለላ ያኔ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ደሴ፣ ሦስተኛ ክፍል። መስከረም ሲጠባ ወደ ክፍሌ ካልተመለስኩ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። በሰፈራችን ያለው አንድ የሕፃናት መዋያ ደግሞ ዳይፐር ያልጣለ ልጅ አይቀበልም። እናም ሐምሌ ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭጋግ፣ ዳይፐር ላስጥል ተነሳሁ። የእኔ ነገር! ሱሪ በማይደርቅበት ወር።

ምልክቱ ሁሉ ነበር፣ አልዋሽም። ከቀን እንቅልፏ ስትነሳ ደረቅ ናት። ሲመጣባት መጋረጃው ኋላ ትገባና ዝም ትላለች… እግሮቿ ብቻ ከሥር ይታያሉ። ሲረጥብባት ንጹሑን ዳይፐር ራሷ ጎትታ ታመጣልኛለች። ደርሳ ነበር ልጄ። ያልደረስኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ከነልብሷ አስቀመጥኳት፣ እንድትለምዳት። አሻንጉሊቷን አስቀመጠችባት። ቆብ አድርጋ ደፋቻት። ጎሽ፣ አልኩ። ጊዜ አለን…

በአራተኛው ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ ተቀመጠች። ሽሽሽ… አልኩ እኔ ቀስ ብዬ። ሽሽሽ… አለ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ። እና መጣ! ቀጭን ድምፅ፣ ፕላስቲክ ላይ።

ደስታው አላስቀምጥ አለኝ። እትዬ ብርዛፍ! ብዬ ተጣራሁ። እትዬ ብርዛፍ አከራያችን ናቸው፤ በግቢያችን ጥርስ ሲበቅል፣ ሕፃን ሲራመድ፣ የፈተና ውጤት ሲመጣ እልል የሚሉት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ሦስት ግቢ ይሻገራል። መጡ፣ አዩ፣ አቀለጡት። እልልልል! እኔ አጨበጨብኩ። የግቢው ሴቶች በር ላይ ደረሱ፣ እነሱም እልልልል!

ወለላ ዘላ ተነሳች። ፖፖዋ ተገለበጠች። መሬቱ ላይ የፈሰሰውን አየች፣ የሰዉን አፍ አየች፣ እናም ጮኸች… እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልተቀመጠችም።

እንዲያውም መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን… ካካ የለም። ሆዷ ተነፋ። እህል አልበላም አለች። ለመንኳት፣ በከረሜላ ደለልኳት፣ አንድ ቀንማ ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ቁጭ በይ አልኩሽ! እግዜር ይቅር ይበለኝ። እጄ ላይ እንደ እንጨት ደረቀች።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሆዷን ዳሰሰች፣ ውኃና ፓፓያ አብዢላት አለች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

«ፖፖዋን ከፊቷ አርቂላት፣ የኔ እህት። ነገሩን አታንሺባት። ፍርሃቷ ሲለቃት ራሷ ትመጣለች።»

መስከረምስ? አልኩ በሆዴ። መስከረም ነርሷን አይመለከታትም።

ግን የልጄ ሆድ ይበልጥብኝ ነበር። ዳይፐሩን መለስኩላት። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ልጄ አልደረሰችም አልኩት። እስከ መስከረም ሰባት እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልችልም አለኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፖፖዋን አውጥቼ ቧንቧው ጋ ወረወርኳት።

ቧንቧው ጋ ተደፍታለች ቢጫዋ ፖፖ… ነሐሴን ሙሉ። ዝናቡ ጀርባዋን ይደበድባታል። ወለላ በልታ ትጠግባለች፣ ሆዷ ለሰለሰ፣ መጋረጃው ኋላ መደበቋን ግን አልተወችም። እኔ እግሮቿን አያለሁ፣ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ቀን እቆጥራለሁ፣ አልናገርም።

ጊዜ አለን፣ እላታለሁ።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ጠበል ነው። ግቢው ውስጥ ልጅ የተባለ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ይወጣል። ወጣች ወለላም፣ ራቁቷን፣ እየሳቀች። ፎጣ ይዤ ደጃፍ ቆምኩ።

አየቻት ቢጫዋን ፖፖ።

ወለላ ሄደች፣ አቃናቻት፣ ዝናቡ ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ቁልቁል እያየች ቆመች። ሽሽሽ… አለ ዝናቡ ፕላስቲኩ ላይ።

«እማዬ! ዝናብ ሸና!»

ደፋችው። ደግሞ አስቀመጠቻት፣ ደግሞ ዝናብ ሸና፣ ደግሞ ሳቀች። ለሦስተኛ ጊዜ ደፋችና… ዞራ ተቀመጠችባት።

እትዬ ብርዛፍ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሲሄድ አየሁ። በዓይኔ ለመንኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ወተፉት። ግቢው ሁሉ ዝም። እኔም ዝም። ሽሽሽ እንኳ አላልኩም፤ ዝናቡ አለልኝ።

ቆየች። ከዚያ ተነሳች፣ ጎንበስ ብላ አየች። ዝናብ የማይጥለው ነገር ነበር ውስጧ። ቀና ብላ አየችኝ፣ እትዬ ብርዛፍን አየች፣ አፋችንን አየች… ማንም አልጮኸም።

እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እልል…» አለች በሹክሹክታ፣ ለራሷ። ከዚያ ወደ እትዬ ብርዛፍ ዞረች። «ቀስ ብለሽ በይ።»

አሉ እትዬ ብርዛፍም። ሦስት ግቢ የሚሻገረው ድምፅ እኔ ጋ እንኳ አልደረሰም።

መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች ቢጫዋ ፖፖ… ወለላም እላይዋ። የጠዋት ፀሐይ ጉልበቷ ላይ ነው። የመስከረም ሰባት ጠዋት ነው፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ይሰማል፣ እኔ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሩ ጋ ቆሜአለሁ። መዋያው ይጠብቀናል። ሠላሳ ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል።

«አልጨረስኩም» ትላለች።

ጊዜ አለን፣ እላታለሁ። ቦርሳዬን አወርዳለሁ።