የኢታ መኪና እንጉርጉሮ

እህቴ ኢታ የሞተችው የቅዱስ ፓትሪክ በዓል በዋለ ማግስት ነው፤ የከተማችን የቡንክራና ሰው የበዓሉን አረንጓዴ ኮፍያ ገና ከራሱ ሳያወልቅ። የቀበርናት ከማሞር ተራራ ወዲያ፣ ሁለታችንም በተወለድንባት በዩሪስ ነው። አስከሬኗ ሳሎን ተጋድሞ ጎረቤቱ ሁሉ ሻይና ሳንድዊች እያቀባበለ ሲጸልይ፣ ባሏ ማኑስ ሃርኪን ጓሮ ወርዶ የመኪናዋን ጎማ ይነፋ ነበር። «ነገ ከሬሳው ኋላ የምትሄደው እሷ ናት፤ በጎደለ ጎማ አትሄድም» አለኝ።

መኪናዋ የኢታ ናት። እህቴ ጸጉር ሠሪ ነበረች፤ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን አሮጊቶች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታበጥራለች፣ ትቆርጣለች። ሌላዋን ሴት ወርቅ ሲያምራት እሷን የቆዳ ወንበር ያለው መኪና አማራት። ዴሪ ከሚኖር የጥርስ ሐኪም ገዛቻት፤ የጃፓን ሥራ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄድ፣ በጉብዝናዋ ጊዜ ባለጠጎች የሚኮሩባት መኪና። እኛ ደጅ ስትደርስ ግን ጉልበቷ የዛለ አሮጊት ሆና ነበር።

ማኑስ ዕድሜውን የፈጀው ከግሪንካስል በሚነሡ የዓሣ መርከቦች ሆድ ውስጥ ሞተር ሲጠብቅ ነው። መኪናዋን ጋራዥ አስገብቶ አያውቅም። «ለሌላ ሰው ከሰጠኋት ታማ ትመለሳለች» ይላል። ትልቁ ባትሪ የደከመ ጊዜ የኋላ ወንበሩን ነቅሎ፣ ወፍራም የላስቲክ ጓንት እስከ ክንዱ አጥልቆ አወጣውና የምግብ ጠረጴዛው ላይ በተነው። የሞቱትን ክፍሎች ከተጋጨች መኪና በወጡ እየተካ፣ እየለካ፣ እያሰረ ሲሠራ፣ እኛ ሾርባችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ጠጣን። መብራት የምትይዝለት ኢታ ነበረች፤ እየያዘችም የደንበኞቿን ወሬ ትዘከዝክለታለች። «ብርቱካናማውን ሽቦ እንዳትነኪ፣ ይገድልሻል» ሲላት «እኔ ከሞትኩ ማን ያወራልሃል?» ትለዋለች። ወሬው ሲያልቅባት ከንፈሯን ገጥማ ታንጎራጉራለች፤ ጸጉር ስትቆርጥም እንዲሁ ነበረች።

እኔ ሳይቭ እባላለሁ፤ የኢታ ታላቅ ነኝ። ሸሚዝ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ስሰፋ ኖርኩ፣ አላገባሁም፣ ቤቴን ከማኑስ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። ከቀብሩ በኋላ ምሳ አደርስለት ነበር። አንድ ቀን በሩን ባንኳኳ መልስ የለም። ወደ ጓሮ ዞርኩ። መጋዘኑ ውስጥ የመኪናዋ የሹፌር በር ተከፍቷል፤ እሱ ከነካፖርቱ መሪው ፊት ተቀምጦ ያወራል።

«ከማን ጋር ነህ?» አልኩት።

«ከእህትሽ ጋር» አለኝ፤ ዞር እንኳ አላለም።

«ማኑስ፣ በማርያም አታስደንግጠኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ግቢና ስሚ። ይሄኛውን በር ግን አትዝጊው።»

በወዲያኛው በር ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወንበሩ አሁንም የእሷን የጸጉር ቅባት ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ማኑስ ጉሮሮውን ጠረገና «ኢታ፣ ሳይቭ መጥታለች» አለ። ጠበቅን። ከመኪናዋ ሆድ፣ ከፊት ካለው ብረት ሁሉ ኋላ፣ ከንፈሯን የገጠመች ሴት የምታሰማው ዓይነት እንጉርጉሮ ተነሣ፤ ትንሽ ቆየና ቆመ። ወደ ማኑስ ዞርኩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የፍሬኑ ፓምፕ ነው። በር ሲከፈት ግፊት ሊሞላ ይነሣል።»

«በሩ ከተከፈተ ቆየ እኮ!»

ድምፁ እንደገና መጣ። ማኑስ አየኝ። «ወሬ ትወዳለች። አታውቂያትም እንዴ?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

የበጋውን ወራት እንዲህ ሆኖ ከረመ። ቁርሱን ይበላና መጋዘን ይገባል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ቤቱን ለደብሊን ሰዎች እንደሸጠ ይነግራታል። ይጠይቃታልም። አንዴ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ በአጥሩ በኩል ሰማሁት። «ያን ግራጫ ሹራብሽን ለማን ልስጠው? ለደንበኛሽ ለበርናዴት?» ዝምታ። «ለሳይቭ?» እንጉርጉሮው ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ሹራቡን ይዞልኝ መጣ። እሱ ፊት ለበስኩት። ሲሄድ አወለቅሁና ወንበር ላይ ሰቀልኩት፤ ቆይቼ ደግሞ ወንበሩን ከነሹራቡ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ለምን እንዳዞርኩት ብትጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።

ምን ልበለው? ጺሙን መላጨት ጀምሯል። ሳህኑን ጨርሶ ይመልስልኛል። ሐዘንተኛ የተደገፈውን ምርኩዝ አይነጥቁትም ብዬ ተውኩት። ግን አንድ ነገር አላማረኝም። መጀመሪያ ላይ ድምፁ የሚመጣው ሰው ተናግሮ ከጠበቀ በኋላ ነበር። መስከረም ሲገባ ሳትጠየቅም ትመልስ ጀመር። ማኑስ ቃሉን ሳይጨርስ ታቋርጠዋለች፤ ቆመች ሲሉ ትነሣለች።

«ዛሬስ ምን ሆናለች?» አልኩት አንድ ቀን።

«ብዙ የምትነግረኝ ነገር አላት» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

እሁድ እሁድ በማሞር በኩል ተሻግረን መቃብሯ ጋ እንሄዳለን። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጸበሉና ከማርያም ሐውልት ወዲያ መሬቱ ከእግር ሥር ይከዳል፤ ከፊት የሚታየው ባሕሩ ብቻ ነው። ጥቅምት ገብቶ ነበር፣ ቀኑ ብሩህ ነው። ከአናቱ አልፈን ማዘቅዘቅ ስንጀምር ያ እንጉርጉሮ ተነሣ። አልቆመም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ወዲያው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ተከተለ።

«ማኑስ?»

«ዝም በይ።»

የፍሬኑን ፔዳል ሲረግጥ አየሁት። ሁለተኛ ረገጠ። «ድንጋይ ሆነ» አለ፤ ለእኔ አልነበረም። መኪናዋ ትፈጥናለች። የማርሹን ዘንግ ወደ ታች ሳበው፤ ሞተሩ እንደታሰረ በሬ አጓራ። በግራ እግሩ የመቆሚያውን ፍሬን ተጫነው፤ የኋላ ጎማዎቹ እየጮሁ ተንሸራተቱ። «ያዢ!» አለኝ። የያዝኩት የእሱን ክንድ ነበር። መታጠፊያው ላይ፣ ከገደሉ በተቃራኒ፣ ለማገዶ ከረግረጉ ተቆርጦ የተከመረ ጥቁር አፈር አለ። እሱን መረጠና አፍንጫዋን እዚያ ሰካት።

ሁለታችንም ደህና ነን። ቁልፉን ሲያጠፋ ፉጨቱ ቆመ። ከዚያ ሊወርድ በሩን ከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ከብረቱ ኋላ ያው ድምፅ ተነሣ። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ይሄ ድምፅ በሽታዋ ነው፤ አይደለም?»

ወርዶ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ዞረ።

«ማኑስ ሃርኪን! ዕድሜህን ሙሉ ሞተር ስታዳምጥ የኖርክ ሰው ነህ። መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ። አፈሩን ከመብራቱ ላይ በእጁ ይጠርግ ነበር። «ግፊቱን የሚይዘው ዕቃ ያፈሳል። ባፈሰሰ ቁጥር ፓምፑ ይነሣል። እየባሰ ሲሄድ ዕረፍት ያጣል።»

«ይህን እያወቅህ እኔን ጭነህ በዚህ ቁልቁለት?»

«ከሠራሁት ዝም ትላለች፣ ሳይቭ።»

ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር። እጄ አየር ላይ ቀረ። «ከጎኗ ልትቀብረኝ ነበር እኮ! እሷ ይህን ብታውቅ ጆሮህን በመቀሷ ነበር የምትቆርጥልህ» አልኩት።

«ትቆርጠዋለች» አለ።

ሂውዲ ማኮልጋን፣ ከታች በግ የሚያረባው፣ ትራክተሩን አስነሥቶ መጣ። ምላሱ ከትራክተሩ ይልቅ ይጮኻል። «ለመሳለም ከሆነ ማርያም እላይ ቀርታለች እኮ! የተሳለማችሁት የእኔን ማገዶ ነው» አለ። የሚስቅለት ሲያጣ የማኑስን ፊት አየና ገመዱን ሳይናገር አሰረ።

በሳምንቱ ማኑስ ስትራባን ካለው የአሮጌ መኪኖች ግቢ በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ይዞ ተመለሰ። ቀትር ላይ በሬን አንኳኳ።

«መብራት የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ።

«ግንባርህ ላይ የምታስረው መብራት አለህ።»

«አለኝ» አለ፤ ከደጃፉም አልተነሣም። ካፖርቴን ለበስኩ።

ሁሉን በወጉ አደረገ። ከኋላ ከሻንጣው ሥፍራ ትንሹን ባትሪ ፈትቶ አወጣና መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጓንቱን አጥልቆ የትልቁን ባትሪ ብርቱካናማ መሰኪያ ነቀለና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ይሄ ኪሴ ውስጥ እያለ እሷ ላይ ምንም ነገር ሊነሣ አይችልም። ሬሳ ናት» አለኝ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ከንፈሩን ነከሰ።

ፓምፑ ኮፈኑ ሥር፣ ከሁሉ ኋላ ጥግ ላይ ተሸሽጓል። እዚያ ለመድረስ የዝናብ መጥረጊያውን ሳይቀር ፈታን። የሚያወጣቸውን ብሎኖች እየተቀበልኩ በብስኩት ጣሳ አጠራቅማለሁ። አሮጌውን የፍሬን ዘይት በመርፌ ስቦ አወጣው።

«ወደ ግራ አብሪ። ግራ! ግራሽን አታውቂም?»

«ኢታ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻለችህ?»

«እሷ መብራት መያዝ ታውቅ ነበር።»

ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ብሎን ቀረ። ማኑስ መፍቻውን አግብቶ ክንዱን ሲወጥር፣ ድምፁ መጣ።

ያው እንጉርጉሮ ነው፤ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ፓምፕ ከፍ ዝቅ አይልም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባትሪ አየሁ፤ ሽቦ የሚባል ነገር አልነካውም። የማኑስን ኪስ አየሁ፤ ብርቱካናማው መሰኪያ ብቅ ብሎ ይታያል። የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደጅ ፀሐይ ነው፤ አጥሩ ላይ አንዲት ቅጠል አትነቃነቅም።

ማኑስ እንዳጎነበሰ ቀረ። ጀርባው ሲነሣና ሲወርድ ይታየኛል። እኔ፣ ማሞር ላይ እጄን ያነሣሁበት፣ «ተወው፣ ጣለው መፍቻውን፣ ትቆይልን» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«ነፋስ ነው» አለ ማኑስ።

መፍቻውን ገፋው። ብሎኑ ጮኾ ላላ። ድምፁ ቆመ።

የመጣውን ዕቃ ገጠምን። በማግስቱ ሂውዲ ከእህቱ ልጅ ተውሶ ባመጣው ኮምፒውተር እየታገዝን፣ እኔ ፔዳል ስረግጥ እሱ ጎማው ሥር ተኝቶ ሲከፍት ሲዘጋ፣ አየሩን ከቱቦዎቹ አስወጣን። አሁን በሩ ሲከፈት ፓምፑ አጠር አድርጎ ጉርር ይላል፣ ያበቃል። ማኑስ በሩን ከፍቶ አዳመጠ። ዘጋው። ደግሞ ከፍቶ አዳመጠ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ አላየሁትም።

የምገባው እኔ ነኝ። እሱ ገበያ ሲወርድ ምክንያት አላጣም፤ መጥረጊያ ልዋስ፣ ባልዲ ልመልስ። በሩን ከፍቼ እቀመጣለሁ። «ኢታ» እላለሁ። ፓምፑ በሩ ስለተከፈተ ጉርር ይላል። ሌላ ነገር የለም። አልቆይም፤ ግን ተመልሼ እመጣለሁ። ስለዚያ ቀን ማኑስን ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አንሥቶት አያውቅም። አንዳንዴ ሻይ እየጠጣን ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ወደ መጋዘኑ ጆሮ እንጥላለን። ማኑስ ይነሣና ሬዲዮውን ይከፍታል።

በኅዳር፣ በሙታን መታሰቢያ ወር፣ እንደገና ማሞርን ተሻገርን። አናቱ ላይ መኪናዋን አቆመና ወረደ፤ ዞሮ በእኔ በኩል መጣ።

«ንጂ» አለኝ።

«እኔ? ይህን ቁልቁለት?»

«ፍሬኑ ደህና ነው። የማላምነው እግሬን ነው።»

ቦታ ተለዋወጥን። ከመነሣቴ በፊት የኋላውን የሚያሳየውን መስታወት ወደ ጣራው ገፋሁት። ማኑስ አየኝና ቀበቶውን አሰረ። መውረድ ጀመርን።

«ኢታን ለመጨረሻ ጊዜ ከሌተርኬኒ ሐኪም ቤት ስመልሳት ከኋላ ተጋድማ ነበር» አለ ድንገት። «በባሕሩ ዳር ስናልፍ ‹ማኑስ፣ ቀስ በልልኝ፣ ውኃውን ልየው› አለችኝ። እኔ ቤት ሳንደርስ ብትሞትብኝስ ብዬ ፈራሁ፤ ነዳሁት። መልስ አልሰጠኋትም እንኳ። ያን ሁሉ ወር ስጠይቃት የነበረው እሱን ነው። የሹራቡን ነገር አይደለም።»

«መለሰችልህ?»

«ፓምፕ ነው እኮ፣ ሳይቭ» አለ። «መንገዱን እዪ። እኔን አትዪኝ።»

አላየሁትም። እያለቀሰ እንደሆነ ግን ይሰማኛል። ከኋላችን መኪና መጥቶ ጡሩምባ ነፋ፣ አልፎን ሄደ፤ እኔ አልቸኮልኩም። ባሕሩ በግራችን ሰፍቶ መጣ፤ ዳር ዳሩ ነጭ፣ መሐሉ እንደ እርሳስ ጥቁር። የኋላ ወንበሩ ቆዳ አንድ ጊዜ ሲጢጥ አለ፤ ሰው ወደ መስኮቱ ዞር ሲል እንደሚለው። ቆዳ ሲያረጅ እንደዚያ ይላል። ሁለታችንም አልዞርንም።

መቃብሩ በር ላይ አቆምኩ። ማኑስ ፊቱን በእጁ ጠረገና መሐረቡን ፈለገ። ከዚያ ወደ እግሬ አየ፤ የፍሬኑን ፔዳል ባለ በሌለ ኃይሌ ተጭኜዋለሁ።

«ልቀቂው» አለኝ። «ቆመናል እኮ።»

ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደብኝ።