ባቡሩ ያጣፈጠው ውኃ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ ባቡር ያየ ሰው ቢፈለግ ሦስት ይገኝ ነበር፤ ሁለቱ በቴሌቪዥን ነው። ሲሳይነሽ ግን ሰሞኑን ከባቡር ሌላ የምታስበው አልነበራትም። የከተማዋ የውኃ ማጣሪያ ባለሙያ ናት። ኮረብታው ላይ ያለው ገንዳ ውስጥ የክሎሪን ዱቄት በጥብጣ በልክ የምትጨምረው እሷ ናት። ዱቄቱ በመርከብ ወደብ ይደርሳል፣ ከወደብ በባቡር ይመጣል፣ ከዚያ በጭነት መኪና ተራራውን ወጥቶ፣ ገደሉን ወርዶ፣ ፍኖተ ሰላም ካለው መጋዘን ይገባል። በዚህ ክረምት ጎርፍ በረሃው ላይ ሐዲዱን ጠርጎት ሄደና ባቡሩ ቆመ።

በየጠዋቱ የመጋዘኑ ኃላፊ ስመኘው ጋ ትደውላለች።

«ስመኘው፣ ደረሰ?»

«ሐዲዱን እየጠገኑት ነው አሉ።»

«ትናንትም እንዲሁ ብለኸኛል።»

«እኔ ምን ላድርግሽ? ወደቡ ድረስ ሄጄ በጀርባዬ ልሸከመው?»

መጀመሪያ መጠኑን ወደ ግማሽ ቀነሰች፣ ቀጥላ ወደ ሩብ። አንድ ቀን በርሜሉን አጋድማ ቂጡን በማንኪያ ፋቀችው። በማግስቱ ከገንዳው ውኃ ቀድታ መመርመሪያ እንክብሉን ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ጣለች። ክሎሪን ቢኖረው ሮዝ መሆን ነበረበት፤ እንደ ነጭ አረቄ ኩልል ብሎ ቀረ።

«ለሕዝቡ እንናገር፤ አፍልቶ ይጠጣ» አለቻቸው ለውኃ ቢሮው ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ወንዳወቅ።

«ሕዝብ ከሚደናገጥ ባቡሩን እንጠብቅ» አሉ። «ባቡር ማለት እኮ ፈጣን ነገር ነው።»

ሰባት ዓመት ደመወዝ ያገኘችው ከእሳቸው ፊርማ ነው። ብልቃጡን አጥባ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ ከተማው ከውኃው ጋር ፍቅር ያዘው። ድሮ «በረኪና ታጠጡናላችሁ» ብሎ በየስብሰባው የሚነሣው ሰው ሁሉ ምላሱን እያጣጣመ ያመሰግን ጀመር። ሊጥ ከቡሃቃው ገንፍሎ መሬት ወረደ። ጠላው ቀኑ ሳይደርስ ደረሰ። «የውኃ ቢሮ ሰው ሆነ» ተባለ በገበያው።

ክሎሪኑ ባለቀ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠላ ሻጮቹ ለምስጋና ወደ ውኃ ቢሮው መጡ። እትዬ ያምሮት ከፊት፣ ሁለት ሴቶች ከኋላ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን ጠላ ከመሃል። አቶ ወንዳወቅ ከረባታቸውን አስተካክለው ብርጭቆ ተቀበሉ።

«ምስጋናው ለባለሙያዋ ነው» አሉ ትሕትና ሲያምራቸው።

«እጅሽ ይባረክ፣ አካሌ!» እትዬ ያምሮት ሲሳይነሽን ትከሻዋን ሳሟት። «ምን ብትጨምሪበት ነው?»

«ምንም።»

«አትደብቂን እንጂ!»

አቶ ወንዳወቅ ሳሉ። ሲሳይነሽ የተቀዳላትን ብርጭቆ እጇ ውስጥ አዞረችው።

«እትዬ፣ ሕፃናትም እንዲሁ ይጠጡታል?»

«ታዲያስ! የልጅ ልጄማ ኩባያውን አይለቅም። ትንሽ ያስቀምጠዋል እንጂ፤ ጥርስ ሊያወጣ ነው።»

«የኔዋንም ያስቀምጣታል» አለች አንደኛዋ። «ጥርስ ነው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለች ሲሳይነሽ።

«አሥር።»

«የኔ ባልም ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ፣ ከጓሮ አልመለስ ብሏል!» አለች ሌላይቱ። ሳቁ ቢሮውን ሞላው።

ሲሳይነሽ አልሳቀችም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ውኃው የጣፈጠው መድኃኒት ስለሌለው ነው። ሲጎመዝዛችሁ የነበረው፣ ጠላችሁን ሲያጓትት የነበረው፣ ጀርሙን የሚገድለው ነው። አልቋል። አፍልታችሁ ካልሆነ አታጠጧቸው። የታመሙትንም ሁሉ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።»

እትዬ ያምሮት ፊታቸው ተለወጠ። «ካለቀ ስንት ቀኑ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አፍሽን ምን ይዞት ነበር?»

ሲሳይነሽ አቶ ወንዳወቅን ተመለከተች። ሴትዮዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

«ባቡሩ...» አሉ አቶ ወንዳወቅ።

«የምን ባቡር? እዚህ ማን ባቡር አለው?» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

እትዬ ያምሮት የልጅ ልጃቸውን ለእናቱ አስይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩና ሲሳይነሽን እየጎተቱ የእድሩ ለፋፊ የደስታው በር ላይ ደረሱ። ደስታው ነገሩን ሰምቶ ጡሩንባውን ጉያው ውስጥ ሸሸገ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ለሞተ ሰው ነው። ማን ሞተ ብዬ ልንፋ?»

«እስኪሞት ልጠብቅልህ?»

«ሕጉ ውስጥ ውኃ የሚል የለም።»

«ለቀስተኞች ጠላ የሚጠጡት ከማን ቤት ነው? የዛሬ ሳምንት ደረቅ ጉሮሮህን ይዘህ ታለቅሳለህ።»

ደስታው ጡሩንባውን አወጣ።

ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ ጡሩንባው ተነፋ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየተጣደፈ ወጣ። «ማን ነው? ማን ሞተ?» «ማንም!» አለ ደስታው አፍሮ። «ውኃ አፍሉ ነው የተባለው!» አንዳንዱ ተናደደ፤ አንዲት አሮጊት ያዘጋጁትን ለቅሶ ሳያለቅሱ መመለሱ ከበዳቸው። «ማገዶውንስ ማን ይሰጠናል?» ያለም ነበር። ሲሳይነሽ ከበር በር እየሄደች ስንት ደቂቃ መንተክተክ እንዳለበት ታስረዳ ነበር። ስድስተኛው በር ላይ የእትዬ ያምሮት የልጅ ልጅ የደም ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ መተኛቱን፣ ዓይኑን ግን መግለጡን ሰማች። ወደ ሰባተኛው በር አለፈች።

ስልኳ ጮኸ። አቶ ወንዳወቅ ናቸው።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው? ነገ የስንብት ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ፣ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ። እርስዎ ቤትስ ውኃ ተጥዷል?»

ከስልኩ ወዲያ፣ ከራቅ ያለ ክፍል፣ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ፦

«ወንዳወቅ! ስልኩን ተወውና የትልቁን ድስት ክዳን አቀብለኝ፤ እየገነፈለ ነው!»