ድምፅ የማያስወጣው ክፍል

…እና ምስማሩ በገባ ቁጥር ጎኗ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እሱ መሰላሉ ላይ ቆሞ አንዴ ይመታል፣ እሷ ታች ጭቃ እየረገጠች አንዴ ትሸማቀቃለች፣ ጠዋት በጫማው የነካት ቦታ፣ ነካት? ረገጣት በይ እንጂ ዙሀይራ፣ ለራስሽ ስትነግሪ እንኳን ታሳንሺለታለሽ።

ጓ። ጓ።

ባሏ አሊዪ ሮቤ ውስጥ አንደኛ አናጢ ነው፣ ይሄን ማንም ይመሰክርለታል፣ እጁ የማያውቀው እንጨት የለም፣ እጁን ግን እሷ ናት የምታውቀው። ከሲናና የመጣውን የስንዴ ገለባ ታፈሳለች፣ ትረግጣለች፣ ለተራ ምርጊት ከሚገባው ይልቅ በዛ ይበል፣ ገለባ ድምፅ ይጠጣል ብሏል መምህር ሰሎሞን፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣው፣ ይሄን አሮጌ የእህል መጋዘን የሕዝብ ስቱዲዮ እናደርጋለን ብሎ ከተማውን ያስነሳው እሱ ነው። ማንም ይገባል፣ ገበሬው ስለ ስንዴው ዋግ ይናገር፣ ነጋዴው ይናገር፣ ከጎባም ከሶፍ ዑመርም ይምጣ፣ በሩ የማንም ነው። ሴትም? ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን፣ ቀስ ብላ፣ ወደ መሬት እያየች። ሴትማ! አንቺስ ብትሆኚ? አላትና ሳቀ። አሊዪ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሰማ። ቤት ሲገቡ፣ ምን ልትናገሪ ነው፣ ለእኔ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ በየቃሉ አንድ ጥፊ፣ ምን፣ ልትናገሪ፣ ነው፣ አፏ የብረት ጣዕም እስኪይዝ።

ዝናብ ነበር ያን ቀን። ሁልጊዜ ዝናብ ነው። አሊዪ ዝናቡን ይጠብቀዋል፣ ይሄን ለማስተዋል ሁለት ክረምት ፈጀባት፣ ደመናው ከተራራው በኩል ሲጠቁር ዝም ይላል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ በረዶው ቆርቆሮውን መውቀጥ ሲጀምር ይነሳና በሩን ይዘጋል፣ ከዚያ ብትጮህስ፣ ጎረቤት የሚሰማው ቆርቆሮውን ነው። አሁን ደግሞ ዝናብ የማያስፈልገው ክፍል እየሠራ ነው፣ በስፖንጅ፣ በብርድ ልብስ፣ በእንቁላል ካርቶን፣ በድርብ በር፣ እሷም በገዛ እግሯ ጭቃውን እያቦካችለት።

ያዥው! መሰላሉን ያዥ አንቺ!

ትይዛለች። ተረከዙ ፊቷ ጋ ነው፣ የተሰነጠቀ፣ ኖራ የገባበት፣ አንድ ግፊያ ብቻ፣ ሲሚንቶው ላይ በአናቱ፣ እንደ እንቁላል፣ መዶሻው ቀድሞት ወርዶ እሱ ከላዩ ላይ፣ ድምፁን ሁሉ ትሰማዋለች፣ የአጥንቱን፣ አስተግፊሩላህ፣ እጆቿ መሰላሉን ይበልጥ አጥብቀው ይይዛሉ።

እናቷ በሠርጓ ቀን ሲንቄ ሰጥታታለች። ቅቤ የጠጣ ቀጭን ዘንግ፣ የሴት ዘንግ፣ ከሰባተኛ ክፍል አውጥተው ሲድሯት በእጇ የቀረ የራሷ ነገር እሱ ብቻ ነው። ባል የመታሽ ቀን ይሄን ይዘሽ ደጅ ወጥተሽ ጩኺ፣ የሲንቄውን ጩኸት፣ እንዲህ አድርገሽ፣ የሰማች ሴት ሁሉ ሊጥ ላይም ትሁን ልጅም ታጥባ የራሷን ዘንግ ይዛ ትወጣለች፣ ላለመውጣት መብት የላትም፣ በከንቱ ግን እንዳትጮኺው ልጄ። አሊዪ ኖራ አማሰለበት። ኖራ! ከዚያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረው፣ ከተማ ነው ያለነው፣ ምን የባላገር እንጨት ትጎልቺብኛለሽ። ከዚያ ወዲህ ጩኸቱም አብሮ የተሰበረ ይመስላታል፣ ባዶ እጇን ለወጣች ሴት ማን ይወጣል።

በሮቹ ተገጠሙ። እስቲ አንድ ሰው ገብቶ ይጩህ፣ እኛ ውጭ ሆነን እናዳምጥ፣ አለ ሰሎሞን። ማን ይግባ? እሷ ትግባ፣ ይላል አሊዪ፣ የእሷ ድምፅ ከተሰማ ይሄ ግድግዳ ሳይሆን ወንፊት ነው! ሠራተኞቹ ይንከተከታሉ፣ ገባች፣ በሩ ተዘጋባት፣ ጆሮዋ ውስጥ የራሷ ደም ሲሮጥ ትሰማለች፣ ያንን ጩኸት ለሙከራ አትጮኸውም፣ የልጇን ስም ጠራች፣ ኡርጂ! ኡርጂ! ጉሮሮዋ እስኪነድ። ኡርጂ ከመንገዱ ማዶ ነው ያለችው፣ ወተት ከሚሸጡት አሮጊት ከአደ ሎሚ ጋ።

ጮኽሽ? ይላል አሊዪ በሩን ከፍቶ።

ጮኽኩ።

ዋላሂ በይ?

ሰሎሞን ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነበር፣ ምንም አልሰማም፣ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ይስቃል፣ አሊዪ ግድግዳውን እንደ በሬ ጎን መታ መታ ያደርገዋል፣ ሰው ቢታረድ አይሰማም ሶሌ፣ ነገርኩህ፣ ሰው ቢታረድ! ይላል፣ ይሄን ሲል ዓይኑ እሷ ላይ ነው።

የዙህር ሶላት ደረሰ፣ አሊዪ ወደ መስጊድ፣ ሠራተኞቹ ወደ ምሳ። ሰሎሞን ሽቦ ይጎትታል፣ ማይኩን ጣሪያው ላይ ካለው ሞንታርቦ ጋር አገናኝቼዋለሁ፣ መናኸሪያ ድረስ ይሰማ እንደሆነ ሄጄ ላጣራ፣ ይቺ ቀይ መብራት ከበራች ከተማው ይሰማሻል ማለት ነው፣ ያሻሽን አውሪ፣ ማጥፊያው ይሄ ነው፣ አይዞሽ። አብርቶላት ወጣ። ቀይ። ትንሽ፣ እንደ አይጥ ዓይን። ያሻሽን። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ምን ይባላል፣ እንዴት አደራችሁ? እዚህ ከተማ ውስጥ ድምፅዋን የሚያውቀው ማን ነው፣

በሩ።

አሊዪ። ፂሙ ከውዱው ገና አልደረቀም። አንደኛውን በር ይዘጋል፣ ሁለተኛውን ይዘጋል፣ ዓለም ጥርቅም ይላል። ያ ሰውዬ ምን እያለሽ ነበር? ምንም። ምንም? ሲያስቅሽ ከመንገድ አየሁሽኮ። አልሳቅኩም። ጨሊሲ! ዝም በይ! መዳፉ ጆሮዋ ላይ ይፈነዳል፣ ወገቧ ጠረጴዛው ላይ ይጋጫል፣ ማይኩ ይንገዳገዳል፣ መብራቷ፣ መብራቷ አልጠፋችም። አላያትም። እንጨት እንጂ ሽቦ አያውቅም።

ማጥፊያው ጣቷ ሥር ነው። አጥፊው። ሮቤ ሙሉ ይሰማል፣ እናቱ ትሰማለች፣ ገበያው፣ ባጃጁ፣ የመስጊዱ ሰው ገና አልተበተነም፣ ሱብሃነላህ፣ ከዚህ በኋላ በየትኛው መንገድ ትሄጃለሽ፣ አጥፊውና ተመቺ፣ እስከዛሬ ችለሽው የለ፣ ጣቷ ማጥፊያውን ይነካል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣቷን ታነሳለች።

ጠዋት ለምን ረገጥከኝ?

ምን?

ልጅ እያጠባሁ። ጎኔን። ለምን?

ይገርመዋል፣ በሦስት ዓመት ጠይቃው አታውቅም፣ ይስቃል፣ ገና መቼ ረገጥኩሽ? ሰኞስ፣ ጥርሴን ለምን ሰበርክ? የቀሩትን አንድ በአንድ ነው የማወልቃቸው፣ ሰማሽ? በዚህ በጉጠት! ፀጉሯ እጁ ውስጥ ነው፣ ጭንቅላቷ ካርቶኑን ይመታል፣ ካርቶኑ ይጨፈለቃል፣ እንደገና፣ ገለባው ያንን ሁሉ ይጠጣል፣ ጩኺ! ይላታል፣ ጩኺ እስቲ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ማን ይሰማሻል?

ትጮኻለች። ያንን። ያለ ዘንግ፣ ባዶ እጇን፣ እናቷ እንዳሳየቻት ከሆዷ ሥር ተነስቶ ላይ ላይ የሚወጣውን፣ ከንፈሯ ተተርትሮ፣ ደሟ ማይኩ ላይ እየተፈናጠቀ፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ ትጮኻለች፣ አሊዪ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ የባላገር ልጅ! የባላገር! ሌላም ካለሽ ድገሚ!

ትደግማለች።

ከዚያ ፀጥታ። ይሄ ነው የሚያሳብደው፣ ድምፅ አይወጣም ብቻ ሳይሆን አይገባም፣ ሰው ሰምቶ እንደሆነ የሚነግራት የለም፣ ሰሎሞን ሽቦውን ተሳስቶ ቢሆንስ፣ አደ ሎሚ እንቅልፍ ወስዷቸው ቢሆንስ፣ ወይ ሰምተው፣ ሁሉም ሰምተው፣ የሰው ትዳር ነው ብለው ቢቀመጡስ፣ ጉጠቱን ከቀበቶው እያወጣ ነው፣ ሳይቸኩል፣ አፍሽን ክፈቺ ይላል፣ ጥርሷን ትነክሳለች፣ ዓይኗ በትከሻው ላይ አልፎ በሩን ይይዛል፣ እጀታው፣ እጀታው ተንቀሳቀሰ ልበል፣ አይ፣ አዎ፣ ወደ ታች፣ አሊዪ አገጯን ጨምድዷል፣ ምንም አይሰማም፣ በሩ ጣት ያህል ይገረበባል፣ መጀመሪያ የሚገባው ጫጫታው ነው፣ መንገድ ሙሉ የሴት ጫጫታ፣ ተጠራቅሞ የኖረ ይመስል በአንዴ ይደረመሳል፣ ቀጥሎ ቀጭን ዘንግ፣ ቀጥሎ ሌላ ዘንግ፣ ኡርጂን በጀርባቸው ያዘሉ አደ ሎሚ፣ ሌላ ዘንግ፣ እሱም ገና አሁን ይዞራል