ሰፌድ ሜዳን ያስወጣት ቃል

መምህር ምንይሉ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ባይላክ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ጊዜው የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ካንዱ ሥልጠና ወጥቶ ሌላው ውስጥ የሚገባበት ዘመን። አሠልጣኙ «ለንደንንና ፓሪስን ተዉት፤ ልጁን በሚያውቀው አገር አስተምሩት» ብሎ ነበርና ምንይሉ ምክሩን ይዞ ወደሚያስተምርባት የመንዝ ከተማ፣ ወደ ጅብራ በር ተመለሰ።

የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ቋንቋውን ከመውደዱ የተነሣ ገበያ መሐል እንኳ «ኦፍ ኮርስ» ሳይል አያልፍም። በተለይ አቅጣጫ የሚነገርባቸውን ሦስት ቃላት፣ ኢንን፣ ኦንንና ቱን ሲያስተምር ጠመኔ አይበቃውም። «አማርኛችን በስተሰሜን ብሎ ይገላገላል» ይላል። «እንግሊዝ ግን ጠንቃቃ ነው። ቦታው ከውስጥ ከሆነ ኢን፤ ድንበር ለድንበር ከተነካካ ኦን፤ ጭራሽ ከውጭ ከሆነ ቱ።»

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲደርስ ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ጥያቄ ቀዳ። ጥያቄው ግብፅ ከኢትዮጵያ በስተሰሜን ናት ለማለት ከሦስቱ ቃላት የቱ ይገባል የሚል ነው፤ መልሱም ቱ። ሥልጠናው ትዝ አለውና ግብፅን ሰርዞ ሰፌድ ሜዳ፣ ኢትዮጵያን ሰርዞ ወረዳችን ብሎ ጻፈ። መልሱን መለወጥ ግን ረሳ። ሰፌድ ሜዳ ደግሞ በወረዳው ሰሜን ጫፍ ያለች ቀበሌ ናት፤ ከገደሉ ማዶ የራቤል ሰዎች አገር ይጀምራል።

ጽናት የምትባል የሰፌድ ሜዳ ልጅ ኢን ብላ መለሰች፤ ኤክስ ተደረገባት። ቅዳሜ ቤቷ ስትገባ አባቷ አቶ ወልደ ጻድቅ ምኑን እንደተሳሳተች ጠየቋት።

«ሰፌድ ሜዳ ወረዳው ውስጥ ናት ብዬ» አለች።

«መልሱስ?»

«ውጭ ናት ነው የሚለው።»

አቶ ወልደ ጻድቅ ሊዘግኑት የነበረውን ቆሎ ተዉት። መንገድ ይሠራላችኋል ከተባሉ ስንት ዘመናቸው፤ እስከ ዛሬ የቀረበት ምክንያት አሁን ገባቸው። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ደጀ ሰላሙን ሞላው። ወረዳው ቆርጦ ጥሎናል፤ አፍ አውጥቶ መናገር ቢያፍር ልጆቻችንን በእንግሊዝኛ እየፈተነ ይነግረናል ተባለ። ገሚሱ ለራቤል ተሰጠን ሲል ገሚሱ የለም፣ ለወሎ ነው አለ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ በርኖሳቸውን የደረቡ ሽማግሌዎች የመምህራኑን ክፍል ሞሉት። ምንይሉ ወንበሩን አብረዋቸው ለመጡት ለቄስ መርስዔ ኃዘን ለቀቀና ቆመ።

«መምህር፣ እርስዎን አንወቅስም» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ። «የታዘዙትን ነው የጻፉት። ማን እንዳዘዘዎት ብቻ ይንገሩን።»

ምንይሉ ፈገግ አለ። «ማንም አላዘዘኝም። ሰዋስው ነው።»

«ሰዋስው የሚሠራው ዞን ነው?» አሉ ከበሩ አጠገብ የቆሙ አንድ ሰው።

ቄስ መርስዔ ኃዘን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። «ልጄ፣ ይህ ቱ የምትለው በግእዝ ውስተ ነው ወይስ ኀበ?»

«ኀበ ይመስለኛል፣ አባቴ።»

ቄሱ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ወደ ማለት ነው። ወደዚያ ብለውናል።»

ምንይሉ ይሄኔ የፈተናውን ወረቀት አወጣና አየው። ግብፅን ሲሰርዝ መልሱን ሳይለውጥ እንደተወው ገባው። አንዲት «ተሳስቻለሁ» ትበቃ ነበር፤ የከተማውን እንግሊዝኛ ሁሉ ሲያርም የኖረ ሰው ግን እሷን ቃል ከየት ያምጣት?

«ካልተስማማችሁ ኦን ልናደርገው እንችላለን» አለ።

«እሱስ ምንድን ነው?»

«ድንበር ላይ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ጭራሽ ድንበር ላይ ሊያቆሙን» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ፣ ሁሉም ተነሥተው ወደ ወረዳው አስተዳዳሪ ወደ አቶ ታዲዮስ ሄዱ።

አቶ ታዲዮስ ምንይሉን አስጠሩትና በሩን ዘጉ። «ከማን ሰማህ?»

«ምኑን?»

«የወሰን ጥናቱን። ከመሳቢያዬ ገና አልወጣም።»

«ኧረ እኔ ከመጽሐፍ ነው የቀዳሁት።»

«መጽሐፍም ወጥቷል?» አሉና አቶ ታዲዮስ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

ምንይሉ የሚሸሽበት አጣ። ሥልጠናውን፣ ግብፅን፣ ሳይለወጥ የቀረውን መልስ ተናዘዘ። 

«ግብፅ እዚያው አገሯ ብትቀመጥ ምን ነበረበት?» አሉት አስተዳዳሪው።

ከዚያ ተያይዘው ወጡ። ግቢው ውስጥ ከሰፌድ ሜዳ ሰዎች ሌላ ባለጉዳዩም፣ ወሬ ሰሚውም ተሰብስቧል። አቶ ታዲዮስ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሰፌድ ሜዳ ኢን ናት» ብለው አወጁ። ይደሰት ይዘን ማንም አላወቀም፤ ቄስ መርስዔ ኃዘን «ውስተ» ብለው ሲተረጉሙ ነው እፎይታው የመጣ።

አቶ ወልደ ጻድቅ ግን አልተቀመጡም። «ጌታዬ፣ ውስጥ ከሆንን የውስጡ መንገድ እኛ ዘንድ ሲደርስ ለምን ይቆማል?»

አቶ ታዲዮስ ምንይሉን ገላመጡት። ከውጭ ናችሁ ብለው እንዳይመልሱ ውስጥ ናችሁ ያሉት ገና አሁን ነው፤ በጀት የለም እንዳይሉ ለጅብራ በር አዳራሽ የተመደበውን ሕዝቡ ያውቀዋል። «በዚህ በጋ ይጀመራል» አሉ፤ ቃሉ ካፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም የሰሙት ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው።

ተጀመረም። ሰፌድ ሜዳ ዶማና አካፋዋን ይዛ ወጣች፤ ከመሐል ሜዳ ግሬደር ተለምኖ መጣ። ምንይሉ ደግሞ ፈተናውን እንደገና አረመ። ጽናት ነጥቧን አገኘች፤ ቱ ብለው ያገኙትን የተነጠቁ የከተማ ልጆች ወላጆቻቸውን ይዘው ቢመጡ «የአስተዳደር ውሳኔ ነው» ብሎ ሸኛቸው።

ከፋሲካ በኋላ አቶ ወልደ ጻድቅ በአዲሱ መንገድ በአይሱዙ ተጭነው መጡና አንድ የሰባ ሙክት ምንይሉ ደጅ ላይ አሰሩ። ምንይሉ አፈረ። «ኧረ ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም» አለ፤ እውነቱን ነበር። ሚስቱ እታገኝ ግን ሙክቱን ፈትታ ወደ ጓሮ እየወሰደችው ነው።

ሽማግሌው ከተቀመጡና ጠላ ከቀመሱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሰኔውን ፈተና ማዘጋጀት ጀመሩ?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲህ እንግሊዝኛ ሰፊ ነው ይባላል» አሉ ጢማቸውን እያሻሹ። «ለመብራትም የሚሆን አንድ ቃል አያጣም።»